የ2012 ማክቡክ ላይ ኦፕንኮርን ለሴኮያ ማደስ፦ ቡትሎደሩ ይቅደም ወይስ ሲስተሙ?

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የያዝኩት የ2012 አጋማሽ ማክቡክ ፕሮ ነው። ባለ 13 ኢንቹ፣ ሲዲ ማስገቢያ ያለው ወፍራሙ። ራሙን 16 ጊጋ አድርጌዋለሁ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ነው። አፕል ይህቺን ማሽን ካታሊና የሚባለው የማክኦኤስ ሥሪት ላይ ጥሏት ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ በተራ የመጡትን ቢግ ሰር፣ ሞንተሬይ፣ ቬንቹራ፣ ሶኖማና ሴኮያን አልፈቀደላትም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬ፣ አፕል በተዋቸው ማኮች ላይ አዲስ ሲስተም በሚያስጭነው በኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር ሞንተሬይ ጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጣጣ ትሠራለች። ቡትሎደሩን፣ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ኦፕንኮርን ማለት ነው፣ ግን አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። የፓቸሩ ቁጥር አሁንም 0.4 ብሎ ነው የሚጀምረው።

አሁን መንካት ግድ ሆነብኝ። ለአንድ ደንበኛ የአይፎን አፕ እየሠራሁ ነው። አፕል ደግሞ ከአፕሪል 24፣ 2025 ጀምሮ፣ በእኛ ሚያዝያ 16 ማለት ነው፣ በኤክስኮድ 16 (የአፕል አፕ መሥሪያ ፕሮግራም) ያልተሠራ አፕ አልቀበልም ብሏል። ኤክስኮድ 16 ቢያንስ ሶኖማ 14.5 ይፈልጋል። እኔ ሞንተሬይ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ሶኖማ ልጫን ወይስ አንዴ ከተነሳሁ አይቀር ሴኮያ? ቀድሜ የማድሰውስ ኦፕንኮርን ነው ወይስ ሲስተሙን? ኔቴ የስልክ ዳታ ስለሆነ ሁለቴ የማውረድ አቅም የለኝም።

---

ጋሽ_ኬብል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ — ማክሰኞ ማታ 4:05

ቡትሎደሩ ይቀድማል። ሁሌም።

ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ካልገባህ መንገድ ላይ ትዘለዋለህ። ኦፕንኮር የማሽንህን ፈርምዌር፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ፕሮግራም፣ አይቀይርም። ዲስኩ ላይ ኢኤፍአይ የምትባለው ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኗ ስትበራ ከማክኦኤስ ቀድሞ ይነሳና በሁለቱ መሀል ይገባል፤ አስታራቂ ሽማግሌ በለው። ሲስተሙ "ይህን ሃርድዌር አላውቀውም" ሲል ሽማግሌው "እኔ አውቀዋለሁ፣ ግድ የለህም" እያለ ያሳልፈዋል። ያንተ ሽማግሌ የሚያውቀው የሞንተሬይን ጠብ ነው። የሴኮያን ጠብ ገና አልሰማም።

ለ2012 ማሽን ትልቁ ጠብ ኤቪኤክስ2 የሚባለው ነው። ይህ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ በኢንቴል በኩል የመጣው በ2013 ሃስዌል ከሚባለው የፕሮሰሰር ትውልድ ጋር ነው። ያንተዋ ከእሱ በፊት የነበረው አይቪ ብሪጅ ስለሆነች የላትም። አፕል ከቬንቹራ ጀምሮ የኢንቴል ማኮችን የጋራ ላይብረሪዎች በሙሉ ኤቪኤክስ2 አለ ብሎ ነው ያዘጋጃቸው። ታዲያ እንዴት ይሠራል? የአፕል ሲሊከን ማኮች፣ እነ ኤም1፣ የድሮ ኢንቴል ፕሮግራሞችን በሮዜታ ያስኬዳሉ። ለሮዜታ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ኤቪኤክስ2 የማይጠይቅ ሌላ ቅጂ ነበር። የፓቸሩ ሰዎች ያንን አገኙና ክሪፕቴክስፊክስአፕ በሚባል ኬክስት (የማክ ድራይቨር በለው) አማካይነት ጫኚው ለአሮጌ ኢንቴል ማሽን ያንን ቅጂ እንዲያስገባ አደረጉ። ለኤም1 የተሰፋ ልብስ ለአያትህ ልክ ሆነ ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ብልሃቶች አንዱ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ያ ኬክስት ያንተ 0.4 ውስጥ የለም። ስለዚህ በአሮጌው ኦፕንኮር ሴኮያን ላስነሳ ካልክ አትነሳም።

ሴኮያ የሚደገፈው ከፓቸሩ 2.0.0 ጀምሮ ነው። ያለውን የመጨረሻውን አውርድ። ኦፕንኮርን እንደገና አስገንባ፤ ፍላሹ ላይም የውስጥ ዲስክህ ላይም ጫነው። ሪስታርት አድርግና ሞንተሬይ በአዲሱ ኦፕንኮር በሰላም መነሳቷን አረጋግጥ። ሲስተሙን ከዚያ በኋላ ጀምር።

---

ማኪያቶ፣ አዲስ አበባ — ረቡዕ ጠዋት 2:15

ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል። እኔ የዳታውን ነገር ልጨምር፣ ቁስሌ ነውና።

የእኔ የ2015 ማክቡክ ፕሮ ናት፣ ሶኖማ ላይ ነኝ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር፣ የፓቸሩን ፓች (ለአሮጌው ግራፊክስና ዋይፋይ የሚለጥፈውን) ከጫንሽ በኋላ አፕዴት በመጣ ቁጥር ሙሉውን ነው የምታወርጂው። ጤነኛ ማክ አንድና ሁለት ጊጋ አውርዶ ሲገላገል እኔ 12 እና 13 ጊጋ። ምክንያቱ ፓቹ የሲስተሙን ክፍል ስለሚነካ የአፕል ማኅተም ይሰበራል፤ ማኅተሙ የተሰበረ ሲስተም ደግሞ ቁራጭ አፕዴት አይቀበልም። በዚያ ላይ አፕዴቱ ፓቹን ጠርጎት ይሄዳል። እንደገና መለጠፍ ነው።

እና ወንድሜ፣ ጫኚውን በሌሊት ጥቅል አውርድ። የሴኮያ ወደ 15 ጊጋ ይጠጋል። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ጥብብ ይልብሃል፣ 32 ያዝ። አውቶማቲክ አፕዴት የሚለውን ደግሞ ዛሬውኑ አጥፋው። እኔ ሳላጠፋው ተኝቼ አንድ ሌሊት የወር ጥቅሌን በላው።

---

የሰፈር_ቴክኒሻን፣ አዳማ — ረቡዕ ጠዋት 3:30

እኔ የምለው፣ የ13 ዓመት ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ያገለገለ ኤም1 ግዛና ተገላገል።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ረቡዕ ጠዋት 3:34

ብሩን ላክልኝና ዛሬውኑ እገዛለሁ 😄

---

ዱባይ_ዴስክቶፕ፣ ዱባይ — ረቡዕ ከሰዓት 9:10

ክሩን ልጥለፈው ይቅርታ። የእኔ ማክ አይደለም፤ ራሴ የገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ነው። ኢንቴል አይ5 10400 ከራዲዮን አርኤክስ 580 ጋር። ኦፕንኮርን ያለ ፓቸር በእጄ ነው ያዋቀርኩት። ሶኖማ ጥሩ ይሠራ ነበር። ለሴኮያ ብዬ ኦፕንኮርን አደስኩ፤ አሁን የሚያሳየኝ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የኦፕንራንታይም ሥሪት አይስማማም፣ ከፍ ያለ ያስፈልጋል የሚል። ከዚያ ቀጥ።

የቀየርኩት ዋናውን የኦፕንኮር ፋይል ብቻ ነው። ሌላውን አልነካሁም። ምን አጠፋሁ?

---

ጋሽ_ኬብል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ ማታ 1:20

ያጠፋኸውን ራስህ ተናገርከው። ሌላውን አልነካህም።

ኦፕንኮርና ኦፕንራንታይም አንድ ላይ የተወለዱ ናቸው፤ አንዱን ከአዲስ፣ አንዱን ከአሮጌ ማጋባት አይሆንም። ካወረድከው ዚፕ ውስጥ የቡት ፋይሉን፣ ኦፕንኮርን፣ በድራይቨርስ ፎልደር ያሉትን የኦፕንኮር ድራይቨሮች በሙሉ፣ የሥዕል ሜኑ የምትጠቀም ከሆነም ኦፕንካኖፒን አብረህ ቀይር። ከዚያ ኬክስቶቹ። ከሁሉ በፊት ሊሉ፤ ሌሎቹ እሱ ላይ ነው የሚደገፉት። አዲሱን ሲስተም የማያውቅ አሮጌ ሊሉ ራሱን ያጠፋል፣ እሱ ሲጠፋ እነ ዋትኤቨርግሪን (የግራፊክሱ) እና አፕልኤኤልሲ (የድምፁ) ተከትለውት ይጠፋሉ።

ኮንፊግ ፋይልህ ሌላ ጉዳይ ነው። በየሥሪቱ አዳዲስ መስመሮች ይገባሉ፣ አሮጌዎች ይወጣሉ። አብሮ ከሚመጣው የናሙና ፋይል ጋር ጎን ለጎን ከፍተህ አስተያይ። ስትጨርስ ኦሲቫሊዴት የሚባለውን መሣሪያ አስኪድበት፤ የጎደለውን በስሙ ይጠራልሃል። ሁሉን በአንድ ጠቅታ አስተካክላለሁ የሚሉትን አፖች ግን ራቃቸው። የማታውቀውን መስመር ይጽፉብህና ስህተቱን ፍለጋ ሳምንት ትከርማለህ።

ይህን ሁሉ ደግሞ ፍላሽ ላይ ሥራ። ዲስኩ ላይ ያለው የሚሠራው ኢኤፍአይ እንዳለ ይቀመጥ። አንተ አሁን የሚሠራውን ነው የነካኸው አይደል?

---

ዱባይ_ዴስክቶፕ፣ ዱባይ — ረቡዕ ማታ 1:26

ነው ጋሼ። ባካፑም የለም። የጓደኛዬን ላፕቶፕ ለምኜ ፍላሽ ላሰናዳ።

---

ዱባይ_ዴስክቶፕ፣ ዱባይ — ሐሙስ ሌሊት 7:50

ተነሳ! ኦፕንራንታይምና ሊሉ ነበሩ። ኦሲቫሊዴት አሥራ አንድ ስህተት ቆጠረልኝ፣ አፈርኩ። አሁን ሴኮያ ላይ ነኝ። የቀረኝ ዋይፋዩ ብቻ ነው። ካርዱ ኢንቴል ነው፤ ሶኖማ ላይ የሚሠራው ኤርፖርት የሚለው ኬክስት እዚህ እምቢ አለ።

---

ማኪያቶ፣ አዲስ አበባ — ሐሙስ ጠዋት 2:05

እሱ ሴኮያ ላይ አይሠራም። ኤርፖርት የሚል ስም የሌለበትን ወንድሙን፣ ኢትልደብልዩኤምን ጫንና ሄሊፖርት በሚባለው አፕ ተገናኝ። ኤርድሮፕ አይኖርህም እንጂ ኔቱ ይገባል።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ዓርብ ማታ 3:15

ወገኖቼ ድረሱልኝ።

አዲሱን ፓቸር አወረድኩ። ኦፕንኮርን አስገነባሁ። ፍላሹ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ሴኮያን ከሞንተሬይ ውስጥ ሆኜ ማስጫን ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ቆጥሮ ሪስታርት አደረገ። የአፕል ሎጎ መጣ፣ መስመሩ ትንሽ ሄደ፣ ራሱ ጠፍቶ ተነሳ። እንደገና ሎጎ፣ እንደገና መጥፋት። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። ዋና ሥራዬ ውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ ግን ነገ ደንበኛው ጋ መደወል አለብኝ።

---

ማኪያቶ፣ አዲስ አበባ — ዓርብ ማታ 3:19

ፍላሹ ላይ ጫንኩ አልክ። የውስጥ ዲስኩ ላይስ?

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ዓርብ ማታ 3:21

...

አልጫንኩም። ፍላሹ ይበቃል ብዬ። ጭራሽ ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

---

ጋሽ_ኬብል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ — ዓርብ ማታ 3:40

አይ ልጄ። ደግ፣ ምንም አልጠፋህም፤ አትደንግጥ።

የሆነው ይህ ነው። ጫኚው ሥራውን ጀምሮ ማሽኗን ሪስታርት አደረገ። ማሽኗ ስትነሳ እንደለመደችው የውስጥ ዲስኩ ላይ ያለውን አሮጌውን 0.4 አስነሳች። እሱ ደግሞ ሴኮያን አያውቅም። ስለዚህ ትገባለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች።

ፍላሹን ሰካ። ማሽኗን አጥፍተህ አብራትና ወዲያው የኦፕሽን ቁልፍን ይዘህ ቆይ። የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል። ሁለት ኢኤፍአይ ቡት ካየህ የፍላሹ ቢጫ የውጭ ዲስክ ምስል ይኖረዋል ወይም የኦፕንኮር ምልክት ያሳይሃል። እሱን ምረጥ። ቀጥሎ በሚመጣው ሜኑ የማክኦኤስ ጫኚ የሚለውን ምረጥ። ካቆመበት ይቀጥላል። በመሀል ሪስታርት ባደረገ ቁጥር አጠገቧ ሁን፤ ያለ ፍላሹ እንዳትነሳ።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ዓርብ ሌሊት 6:30

ቀጠለች! አራት ጊዜ ሪስታርት አደረገች፣ አራቱንም ኦፕሽን ይዤ። አሁን ሴኮያ ዴስክቶፕ ላይ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።

ግን ኧረ ምን ዓይነት ቀርፋፋ ነገር ነው! መስኮት ስጎትት ከኋላዬ ጥላ እየተከተለኝ ነው። ዋይፋይም የለም፤ ምልክቱ ላይ ኤክስ ነው ያለው። ፓቹን ልጫን ብል ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ፓች የለም። አንድሮይድ ስልኬን በኬብል ብሰካ ጭራሽ አያውቀውም።

---

የፒያሳው፣ አዲስ አበባ — ዓርብ ሌሊት 6:41

ማክ የብዙውን አንድሮይድ ዩኤስቢ ኔት በራሱ አያውቅም፣ የአይፎንን ግን ያውቃል። ግን ያንተዋ ወፍራሟ አይደለች? ጎኗ ላይ የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳ አላት እኮ! ጠዋት ሰፈርህ ያለ ኢንተርኔት ቤት ሂድና አንድ ኬብል ለምን።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ቅዳሜ ጠዋት 4:50

ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ልጁ "ላፕቶፕ ይዘህ ኬብል?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን ሰጠኝ። ፓቸሩ ለግራፊክሱ ሜታልሊብ የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ አወረደ፣ ፓቹን ለጠፈ፣ ሪስታርት። ማሽኗ አዲስ ሆነች! ዋይፋዩም መጣ። የአንድ ሰዓት ከፍዬ በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረስኩ።

---

ጋሽ_ኬብል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ — ቅዳሜ ማታ 12:15

እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ልነግርህ የምፈልገው ነገር ያናድድሃል።

ኢንተርኔት ቤት መሄድ አያስፈልግህም ነበር። የዋይፋዩ ፓች እዚያው አፑ ውስጥ አብሮ ነው የሚመጣው። ኔት የሌለበት ማሽን ላይ ፓቹን ጫን ስትለው የዋይፋዩን ብቻ ይለጥፋል። ሪስታርት ታደርጋለህ፣ ዋይፋይ ትገናኛለህ፣ ሁለተኛ ታስጭነዋለህ፤ ያኔ የግራፊክሱን ያወርዳል። ሁለት ዙር ነው እንጂ ቤትህ ሆነህ ያልቅ ነበር። እኔ ተኝቼ ነበር፤ ይቅርታ።

አሁን ከሁሉ በፊት ፓቸሩን ከፍተህ ኦፕንኮርን የውስጥ ዲስኩ ላይ ጫን። ዛሬውኑ። ፍላሹ ከጠፋብህ ማሽኗም ጠፋች።

ሌላም አለ፤ የምትሠራው የደንበኛ ሥራ ስለሆነ ማወቅ ይኖርብሃል። ፓቹ እንዲለጠፍ የሲስተሙ ጥበቃ፣ ኤስአይፒ የሚሉት፣ በከፊል ተነስቷል። ማኅተሙም ተሰብሯል። ሞንተሬይም የመጨረሻውን የደኅንነት አፕዴት ያገኘው በ2024 ሐምሌ ስለሆነ እዚያ መቆየቱም አያዋጣም ነበር። ግን "አዲስ ሲስተም አለኝ፣ ከእንግዲህ አይነካኝም" ብለህ ያገኘኸውን ሁሉ አትክፈት።

---

የፒያሳው፣ አዲስ አበባ — ቅዳሜ ማታ 2:00

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ያስለቀሰኝ ስለሆነ። አንድ ቀን ድምፅ እምቢ አለኝና ከዩቲዩብ አይቼ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ፒ እና አር ተጭኜ ኤንቪራሙን (ማሽኗ የአነሳሷን ነገር የምትይዝበትን ማስታወሻ) አጸዳሁ። ማሽኗ ስትነሳ ክብ ላይ መስመር የተሰመረበት ምልክት፣ ያው "ክልክል ነው" የሚለው። ዲስኩ ሞተ ብዬ ለጥገና ወሰድኩት። ጠጋኙ ፎርማት አደረገልኝ፣ ዳታዬ ሄደ፣ ገንዘብም ከፈልኩ።

ለካስ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ማጽዳቱ ማሽኗ በኦፕንኮር በኩል እንድትነሳ የሚነግራትን አስረስቷት ነው። በቀጥታ ማክኦኤስን ስታስነሳ ደግሞ ሲስተሙ "አንቺን አላውቅሽም" ይላል። ኦፕሽን ይዘህ ታስነሳለህ፣ ኢኤፍአይ ቡት ላይ ትሆናለህ፣ ኮንትሮል ቁልፍን ይዘህ ትመርጠዋለህ። ኮንትሮሉ ሁሌም እሱን አስነሺ ማለት ነው። የአሥር ሰከንድ ሥራ ነበር።

---

ማኪያቶ፣ አዲስ አበባ — ቅዳሜ ማታ 2:12

ውይ! ፎርማት ከማድረጉ በፊት አልጠየቀህም?

---

የፒያሳው፣ አዲስ አበባ — ቅዳሜ ማታ 2:14

"ዳታ አለህ?" አለኝ። "አለኝ" አልኩት። እሱ ይዣለሁ ማለቴ መሰለው።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — ማክሰኞ ማታ 1:30

ሪፖርት፦ ኦፕንኮር የውስጥ ዲስኩ ላይ ገብቷል፣ ፍላሹም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ኤክስኮድ 16.3 ጫንኩ። እሱ ሴኮያ 15.2 እና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ሶኖማ አለመምረጤ በጀኝ። ሲሙሌተሩ ግን ይንፏቀቃል፤ ትቼው ቀጥታ ስልክ ላይ እየሞከርኩ ነው። አንድ ጊዜ ቢልድ ሳደርግ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን እስከ በረካው። አይፎንን ማክ ላይ የሚያሳየው አዲሱ ነገር አይሠራም፤ የአፕልን የቲ2 ደኅንነት ቺፕ ወይም አፕል ሲሊከን ይፈልጋል አሉኝ። አልፈለግሁትምም።

አፑ ገብቷል። ግምገማ ላይ ነው።

---

ዱባይ_ዴስክቶፕ፣ ዱባይ — መስከረም፣ ሐሙስ ማታ 3:00

ክሩን ከመቃብር ላንሳው። ታሆ ወጣ። ማክኦኤስ 26። ኦፕንኮርን አድሼ ልግባ ወይስ ልቀመጥ?

---

ጋሽ_ኬብል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ — መስከረም፣ ሐሙስ ማታ 4:25

ለምትኖርበት ማሽን ከሆነ ተቀመጥ። ለሙከራ ከሆነ ሌላ ዲስክ ግዛና ተጫወትበት።

አፕል ታሆ የኢንቴል የመጨረሻው እንደሆነ በሰኔ ተናግሯል። ከኢንቴል የሚደግፈው አራት ብቻ ነው፦ የ2019 ማክ ፕሮ፣ የ2019 ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ የ2020 አይማክ፣ እና የ2020 ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ እሱም አራት ተንደርቦልት ያለው። ያንተ ዴስክቶፕ አይማክ 2020 ነኝ እያለ ስለሚነሳ በሩ ላይ ላይከለከል ይችላል። ችግሩ ከገባ በኋላ ነው። አፕል የድሮውን የድምፅ ድራይቨር፣ አፕልኤችዲኤን፣ ከሲስተሙ አውጥቶታል። አፕልኤኤልሲ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው። ምሰሶው ከሌለ ጣራውን ምን ላይ ታቆመዋለህ? ድምፅ ከፈለግህ ያንን ራስህ መልሰህ መለጠፍ ይኖርብሃል።

አሮጌ_ማክ፣ አንተ ደግሞ እንዳትሞክረው። ፓቸሩ ለታሆ ድጋፍ አላወጣም።

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — መስከረም፣ ሐሙስ ማታ 4:31

ጋሼ፣ ትናንት ማታ "ታሆን አሁን ጫን" የሚል ማስታወቂያ መጥቶልኝ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። የፓቸሩን ገጽ ልየው ብዬ ተውኩት። አውቶማቲክ አፕዴቱ ጠፍቷል፣ ሁለቴ አይቻለሁ።

---

ማኪያቶ፣ አዲስ አበባ — መስከረም፣ ሐሙስ ማታ 4:33

ፍላሹስ የት ነው?

---

አሮጌ_ማክ፣ አዲስ አበባ — መስከረም፣ ሐሙስ ማታ 4:40

መሳቢያ ውስጥ። አሁን ሄጄ አየሁት። እህቴ ፊልም ጭናበታለች።